ውቅያኖስ ዳር የደረስኩት ለቅሶ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ኦክላንድ ታክሲ ስነዳ፣ ራሳቸውን የተላጩ፣ ጥቁር በጥቁር የለበሱ ፈረንጅ ሽማግሌ «ውቅያኖሱ ዳር፣ ሃፍ ሙን ቤይ ውሰደኝ» አሉኝ።

«ዊንተር ላይ ማዕበሉ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ነፋሱ ከየብስ ሲነፍስ ደግሞ እንደ ግድግዳ ይቆማል» አሉኝ መንገድ ላይ። «ልጄ እኮ እዚያ ላይ በማዕበል መንሸራተቻ ቦርድ...» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ስንደርስ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሙ፤ እንባቸው ወረደ። ፈረንጅ ለሐዘን ብቻ እንደማይላጭ ማን ነግሮኝ! እጃቸውን ያዝኩና በዚያች እንግሊዝኛዬ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የልጅዎን ነፍስ ይማር» አልኳቸው።

ደንግጠው አዩኝ። «ያስለቀሰኝ ነፋሱ ነው። ልጄ ያውና፣ ቢጫው ቦርድ ላይ!» ብለው ወደ ማዕበሉ ጠቆሙ።

አብረን ዞርን። የማዕበሉ ግድግዳ ተንዶ ነበር። ከአረፋው ውስጥ ቢጫው ቦርድ ብቻውን ወጣ።