የደብል መቺዎች ዝርዝር

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሰቆጣ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። የፊዚክስና የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እንዲላኩልን ለውጭ አገር ለጋሾች ደብዳቤ በጻፍን በዓመቱ፣ ከወልድያ የመጣ አይሱዙ አሥራ አንድ ካርቶን አራግፎልን ሄደ። በምላጭ የከፈትኳቸው እኔ ነኝ። በሁሉም ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው፤ ስለ አሜሪካ የቤዝቦል ውድድር የሚያወራ፣ ከዳር እስከ ዳር ስምና ቁጥር ብቻ። እኛ ዘንድ አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ለስድስት ተማሪ ነበር፤ እሱም ሽፋኑ የተገነጠለ።

ርዕሰ መምህሩን "ይሄ ምን ያደርግልናል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"በነጻ የመጣ ነው። አስተምርበት" አሉኝ።

ሌላ አልነበረኝምና አስተማርኩበት። አንደኛው ገጽ ላይ በዓመቱ ብዙ "ደብል" የመቱ ተጫዋቾች በቅደም ተከተል ተዘርዝረዋል። ማን ከማን እንደሚበልጥ በእንግሊዝኛ እንዲናገሩበት ለተማሪዎቼ ሰጠኋቸው። ከደሃና የመጣች፣ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ልጅ ነበረች። "ቲቸር፣ ደብል ምንድን ነው?" አለችኝ። አላውቅም ለማለት አፍሬ "ሁለት ጊዜ መምታት ነው" አልኳት። ዝርዝሩን በሙሉ በቃሏ ያዘችው።

ሚያዝያ ላይ ከለጋሾቹ አንዱ ሊጎበኘን መጣ። ተማሪዎቹ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ይዘው ተሰልፈው ፎቶ ተነሱ። ከዚያ ክፍል ገባንና ልጅቷ ተነስታ ስሙንም ቁጥሩንም አንድ ሳትስት አወረደችው። ሰውየው አጨበጨበ። ደብል ምን እንደሆነ ሲጠይቃት ያስተማርኳትን መለሰችለት። ሳቀ። ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ስሎ፣ መቺው ኳሷን መትቶ በሩጫ ሁለተኛዋ ማዕዘን ከደረሰ ደብል እንደሚባል አስረዳት። ልጅቷ እኔን አየችኝ። ፊቴ ጋለ።

ሳትቀመጥ፣ በእንግሊዝኛ "የፊዚክስ መጽሐፉስ የት አለ?" አለችው።

ሰውየው ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ። እሳቸው ፈገግ ብለው "መጻሕፍቱን በጣም ወደዋቸዋል ነው የምትለው" አሉት። በእንግሊዝኛ የሰማውን መልሰው በእንግሊዝኛ ተረጎሙለት! ሰውየውም የሰማውን ትቶ የተነገረውን ተቀበለ። እኔም ዝም አልኩ።

በማግስቱ ልጅቷ ወላጅ እንድታመጣ ተባለች። አባቷ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ኸምጣኛ በሚጎትተው አማርኛቸው "ልጅ ናት ጌታዬ፣ ይማሯት" እያሉ ቢሮው ውስጥ ጎንበስ አሉ። ምን እንዳጠፋች እንኳ የነገራቸው የለም። ያኔ መታገሥ አልቻልኩም።

"አባቴ፣ ቀና ይበሉ፤ ልጅዎ ምንም አላጠፋችም" አልኳቸው። ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሬም "ይቅርታ መጠየቅ ያለብን እርስዎና እኔ ነን። እኔ ያላወቅሁትን አስተማርኳት፤ እርስዎ በእንግዳ ፊት ዋሹባት" አልኩ። ጠረጴዛውን መምታቴን የነገሩኝ በኋላ ነው።

"ውጣ!" አሉኝ።

ልጅቷ ክፍሏ ተመለሰች። እኔ በመስከረም ራቅ ወዳለችው ወደ ኒሯቅ ተዛወርኩ፤ የዝውውር ደብዳቤው "ለሥራው ቅልጥፍና" ይላል። እሷ ማትሪክ ተፈተነች፤ እንግሊዝኛዋ ከሁሉ በለጠ፣ ፊዚክስ ጣላት። በዓመቱ ዐረብ አገር መሄዷን አባቷ ሰቆጣ ገበያ ላይ አግኝተውኝ ነገሩኝ። "አንተ መልካም ሰው ነህ" ብለው መረቁኝ። ምርቃቱ አንገበገበኝ። ለጋሹ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ በዚያች ደቂቃ፣ አፌን መክፈት ነበረብኝ።