ለአጥር የተያዘው ገንዘብ

ነቀምቴ አጠገብ በሰፈረ አንድ የጦር ክፍል ውስጥ የሲቪል ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በዚያ ዓመት ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ ቢሮ ውስጥ ተሰብስበን በቴሌቪዥን አይተናል። ቅድሚያ የተሰጠው ለቀለብ፣ ለነዳጅና ለግንባታ ነበር፤ ለሕክምና የተመደበው ከአምናው አነሰ። አየሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ጥር ላይ አንዲት መምህርት ከጉቴ መጣች። ባሏ የእኛው ክፍል ሃምሳ አለቃ ነው። እግሩ ውስጥ የቀረው የፈንጂ ፍንጣሪ ቁስሉን አላደርቅ ስላለ፣ ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ጽፈውለታል። «አከም ቡልተን፣ አዴ» ብላ፣ እንደ ወይዘሮ አክብራ በኦሮምኛ ሰላም ብላኝ ወረቀቱን ሰጠችኝ። የሕክምናው በጀት ግን ገና ታኅሣሥ ላይ ተሟጦ ነበር።

በግንባታው ርዕስ ለካምፑ አጥር የተያዘ ገንዘብ ነበረን። መንገዱ ሰላም ስላልነበረ ድንጋይ የሚያመጣ ጠፍቶ አጥሩ አልተጀመረም። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ወደ ሕክምና እንዲዛወርልን የጻፍኩትን ደብዳቤ እዚያው ፈረመልኝ። መልሱ ከወር በኋላ መጣ። ግንባታው ቅድሚያ ከተሰጣቸው ስለሆነ አይነካም፣ አዲሱ በጀት ይጠበቅ ይላል።

ሐምሌ ሩቅ አይደለም አልኳት። አመነችኝ። የባሏን ደመወዝ ልትቀበል በየወሩ ስትመጣ ብቅ ትልና ትጠይቀኛለች። ግንቦት ላይ እግሩ መሽተት እንደጀመረ፣ ልጆቹ እንዳያዩበትም በአንሶላ ሸፍኖ እንደሚውል ነገረችኝ። ደግሜ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም።

ሰኔ መጨረሻ ሒሳብ ስንዘጋ የአጥሩ ገንዘብ እንዳለ ነበር። ለመንግሥት ተመላሽ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቅጹን እንደማንኛውም ቅጽ ሞልቼ ፈረምኩ፤ እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ኦዲተሮቹም አንድ ጉድለት አላገኙብኝም።

ሃምሳ አለቃው በሐምሌ ሁለተኛው ሳምንት አረፈ። ቁስሉ ደሙን መርዞት ነበር። በአዲሱ በጀት ለሕክምና የተመደበው ከፍ ብሏል፤ ግን ገና አልተለቀቀም።

ለቅሶ ልደርስ ጉቴ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ዘምረው ሲወጡ መምህርቷ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«አዴ፣ ገንዘብ ጠፍቶ ነው አይደል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

አዎ እንድላት ፈልጋለች። አዎ ብላት ሁለታችንም ይቀለን ነበር። አልቻልኩም።

«ነበረ» አልኳት። «ለአጥር ተብሎ የተያዘ ነበር።»

«ዳላ» አለች፣ አጥር የሚለውን ቃል በኦሮምኛ ለራሷ ደግማ። ስነሳ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ፣ ታክሲ እስኪመጣም አብራኝ ቆመች።

አሁን የጡረታውን ጉዳይ ለመጨረስ ወደ ቢሯችን ትመላለሳለች። ቀና ብዬ ሰላም ስላት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታዬን ትመልስና ከጎኔ ካለው ባልደረባዬ ፊት ትሰለፋለች። የእኔ ወንበር ፊት ሰው ባይኖርም እዚያው ተራዋን ትጠብቃለች።