የጫፉ ቁርቁራ

ልጅ እያለሁ የቤታችን ቁርቁራ ሦስት ድርሻ ነበረው። እጅ የሚደርስበት የልጆች፣ በዘንግ የሚረግፈው የቤት፣ ጫፉ ደግሞ የወፎች። አባቴ ከፍሬ አብቅሎ፣ ፍየል እንዳይበላው በእሾህ አጥሮ ያሳደገው ዛፍ ነው። ሲበስል የረገፈው ፍሬ መሬት ላይ ይፈላና ግቢው ጠላ የተጠነሰሰበት ይመስል ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከጓደኛዬ ከትርንጎ ጋር ብዙ ቁርቁራ ይዞ በመምጣት ተፎካከርን። አባቴ ገበያ ሲሄድ እሾሁ እየቧጨረኝ ወጣሁና ጫፉን ሙልጭ አድርጌ አራገፍኩት። ትርንጎን አሸነፍኳት። ሳምንት ሳይሞላ ወፎቹ የደረሰው ማሽላችን ላይ ሰፈሩ።

አባቴ አልመታኝም። ወንጭፉን ሰጠኝና፣ "ቀለባቸውን ወሰድሽባቸው፤ እንግዲህ አንቺው አነጋግሪያቸው" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቴ ቀርቶ ማማ ላይ ስጮህ መዋል ሆነ። የመንፈቅ ፈተና ደረሰ። በዚያን ጊዜ ከትምህርት የቀረች ሴት ልጅ በዚያው ትቀር ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ አባቴን መጠየቅ ግን ፈራሁ።

የፈተናው ዕለት ስነሳ ወንጭፉ ከተሰቀለበት የለም። ደብተሬ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አባቴ ወባ ይዞት ከተኛበት ተነሥቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ማማው ላይ ወጥቷል። ትምህርት ቤቱ ከማሳው ማዶ ስለነበር፣ ሒሳቡን ስሠራ ወፎቹ ላይ የሚጮኸው ድምፁ በመስኮት ይገባ ነበር። ይሰልላል፣ ደግሞ ይበረታል። ፈተናውን አለፍኩ። ስለዚያ ቀን ግን ተነጋግረን አናውቅም።

አሁን ዓረብ አገር፣ መዲናት ኸሊፋ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት ግቢ ያው ዛፍ አለ፤ እዚህ ሲድር ይሉታል። በቀደም ማዳም፣ "ያላ፣ ሁሉንም አርግፉት፤ መኪናውን አቆሸሸው" አለች። ሾፌሩ ሰይድ ዘንግ ይዞ መጣ። ጫፉ ጋ ሲደርስ፣ "ኸላስ፣ እሱን ተወው" አልኩት።

"እማማ፣ ጣፋጩ እኮ እዚያ ነው ያለው!"

"አውቃለሁ፤ በልቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለማን ልተወው?"

"ለባለቤቶቹ።"

ሳቀና ዘንጉን አወረደ። ማዳምም ቀና ብላ ዛፉን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ መኪናውን ወደ ማዶ እንዲያቆመው ነገረችው።

እዚህ የሚጠበቅ ማሽላ የለም። ጠዋት ጠዋት ወፎቹ ጫፉ ላይ ሲንጫጩ መስኮቴን ከፍቼ እሰማለሁ። የሚጮህባቸው ሰው የለም።