የቤተ ልሔሟ አረንጓዴ ንብ

ቅዳሜ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ጋይንት

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ከመካነ ኢየሱስ ተነሣሁ። ያስነሣኝ የአጎቴ ሚስት የእትዬ ብርቄ ስልክ ነው። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም አጠገብ ይኖራሉ።

“ጓሮዬ ውስጥ አረንጓዴ ንብ ከመሬት ይወጣል፣ ይገባል። ሲያብለጨልጭ ብታዪው! ጣዝማ ነው ብለውናል። ሰኞ ይቆፈራል” አሉኝ።

ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር ትንሽ ንብ ናት፤ ማሯ ለጉሮሮ መድኃኒት ነው ይባላል። አጎቴ የኔታ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው ድምፃቸው ከሻከረ ወራት ሆኖታል። ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲባሉ “የጣዝማ ማር እስኪገኝ” እያሉ እምቢ ብለዋል። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ አረንጓዴ ጣዝማ ግን ሰምቼም አላውቅ! ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ደብረ ታቦር ላይ መኪና ቀየርኩ። መናኸሪያው በር ላይ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ቅቅል ድንች ገዝቼ በትኩሱ እያላመጥኩ ቅጥቅጡ ላይ ወጣሁ። በስተቀኝ ጉና ጭጋጉን ተከናንቧል፤ ከሥሩ የገብሱ ማሳ ቢጫ መምሰል ጀምሯል። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ገበሬ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

“ንብ ላይ።”

“ማር ልትቆርጪ ነው?”

“አይ አባቴ፣ ላያት ብቻ ነው።”

“ለማየት ነው ይኼን ሁሉ አቧራ የምትቅሚ? በይ እግዜር ያሳይሽ!” አሉና እስክንወርድ ድረስ ሳቁብኝ።

ከአስፋልቱ ወርጄ በሞተር፣ ከዚያም በእግሬ አዘገምኩ። ስደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር፤ ንብ የለም። ተናደድኩ።

እሑድ፣ ጓሮው

ከቅዳሴ መልስ ፀሐዩ ሞቅ ሲል ከሽንኩርት መደቡ ዳር ተንበረከክሁ። የኔታ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። “ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። እስቲ እዪልኝ” አሉ፤ ድምፃቸው ተሰነጣጥቆ ነው የሚወጣው።

አንዷ የቃሪያው አበባ ላይ አረፈች። እንዴት ያለ አረንጓዴ ነው! በስልኬ አንሥቼ ምስሉን አጎላሁት። ዝንብ እንዳልላት ክንፎቿ አራት ናቸው። አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ተርብም አለ፤ እሱ ግን ለልጆቹ የአበባ ዱቄት አይሸከምም። ይችኛዋ ስትዞር የኋላ እግሮቿ ቢጫ ዱቄት ታጭቆባቸዋል።

“ንብ ናት!” ብዬ ጮህኩ። ይባስ ብላ መጥታ ክንዴ ላይ አረፈችና ላቤን ትልስ ጀመር። የላብ ንብ የሚሏት! ትክክለኛ ዝርያዋን ለመለየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ወገኗን ግን አገኘሁት። ከደስታዬ ብዛት እትዬ ብርቄን አቅፌ ሳምኳቸው።

ከዚያ ቀዳዳዎቹን አየሁ። ጣዝማ ብትሆን ጥቁር ሆና በአንድ በር እየተግተለተለች በገባች ነበር። እነዚህ ግን እያንዳንዷ ወደየራሷ ጉድጓድ ነው የምትገባ።

“ታዲያ ማሩስ?” አሉ የኔታ።

ደስታዬ አፌ ላይ ቀረ። “ማር የላትም፣ የኔታ። ለልጆቿ ትንሽ ስንቅ አስቀምጣ ትዘጋለች እንጂ አታከማችም። ጣዝማ አይደለችም።”

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ምነው ባልመጣሁ አልኩ። የኔታ ከበርጩማቸው ጎንበስ ብለው ቀዳዳዎቹን አዩ።

“እንግዲያ ቤቷን አታፍርሱባት” አሉ። “እኔም የጣዝማ ማር ጥበቃ መቀመጤ ይበቃል። ነገ ስትሄጂ አብሬሽ እሄዳለሁ።”

ሰኞ፣ መልስ

ደብረ ታቦር ሐኪሙ ጉሮሯቸውን አይቶ መድኃኒት አዘዘ። “ድምፅዎ ይመለሳል። ብዙ ቢቆዩ ግን ለኔም ያስቸግረኝ ነበር። አሁን ዝም ማለት አለብዎ፤ ዜማም፣ ወሬም የለም።”

“እስከ መቼ?” ብለው የኔታ ጮኹበት።

“ይኸው!” አለ ሐኪሙ፤ ሦስታችንም ሳቅን።

እስኪሻላቸው እኔ ዘንድ ሊያርፉ ተስማሙ፤ ወደ መካነ ኢየሱስ ስንመለስ የኔታ መስኮት ዳር ተቀምጠው መንገዱን ያዩ ነበር። የሚያስደስተኝን እውነት ለመናገር ማንም ሊያስተምረኝ አያሻም፤ “ማር የለም” ማለትን ግን በዚህ ጉዞ ተማርኩ።

ማታ እቤቴ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እራት ቀረበ። የኔታ እንደ ልማዳቸው ሊባርኩ እጃቸውን አነሡ፤ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። መቼ እንደጨረሱ ከዓይናቸው አውቀን፣ ቤቱ እስኪናጋ “አሜን!” አልን።