የሐጂ ያሲን ዓሣና የእህቴ አልጋ

ከኮምቦልቻ የወጣሁት ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ለብሼ ነው። ጎረቤት የስደት ወሬ ከሸተተው እናቴ ጆሮ ሳይደርስ አያድርም። ስለዚህ እጄን ሂና ተቀባሁ፣ የአክስቴን ልጅ ጉትቻ ተዋስኩና ‹‹ደሴ ሠርግ አለብኝ›› ብዬ በመሸ ጊዜ ወጣሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ ‹‹ለሙሽራዋ ዱዓ አድርጊላት፣ ቶሎም ተመለሺ›› አለችኝ። እውነቱን የምታውቀው ታናሽ እህቴ ሀያት ብቻ ነበረች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝና መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል እጄን ይዛ ‹‹ስትደላደዪ ትወስጂኛለሽ›› አለች። ‹‹ወላሂ›› አልኳት። መኪና ሞተር ካስነሳ በኋላ ወላሂ የማይል ማን አለ?

መንገዱን ከሌላው ስደተኛ ሰምታችሁታል፣ የእኔም ከዚያ አይለይም። ደላላው ሌባ፣ ፖሊሱ ነጋዴ ነበር። ሞያሌን በእግሬ ተሻገርኩ፣ ናይሮቢ ከረምኩ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ካምፓላ ገብቼ ኪሰንዪ የሚባል ሰፈር የአገሬ ሰዎች ሱቅ ውስጥ ልብስ መሸጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ማቶኬ ሲያቀርቡልኝ ሙዝ ነው ብዬ ጣፋጭ ጠብቄ ነበር፤ የተቀቀለ ድንች ድንች ይላል። እንደኛ አገር ጥቅምት መጣ፣ ሰማዩ ጠራ የሚባል ነገር የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል፣ ዓመቱን ሙሉ ይሞቃል። ሰዉ ግን ጨዋ ነው። ሴቶቹ ሰላም ሲሉሽ ተንበርክከው ነው፤ ተንበርክከውም የቤት ኪራይ ይጨምሩብሻል።

ባሌን ኢድሪስን ኪኩቦ ገበያ ነው ያገኘሁት። የምጽዋ ልጅ ነው። ከሞምባሳ ጨርቅ እያስጫነ እዚያ ላሉት አከፋፋዮች ያስረክባል። ተጋባንና ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየን። ከደጃችን ቪክቶሪያ ሐይቅ እስከ ሰማዩ ጥግ ድረስ ይታያል። እኔ የወሎ ልጅ ‹‹ይሄው ባሕርህ›› አልኩት። ቆም ብሎ አሸተተ። ‹‹ይሄ ባሕር አይደለም፣ ጨው የለውም›› አለና ፊቱን አዞረ።

ከዚያ በኋላ ነው አኳሪየም፣ የዓሣ ማኖሪያ መስታወት፣ ያመጣው። ሳሎናችን ውስጥ ያቆመው መስታወት ከአንድ ሰው አልጋ አያንስም። የሚሞላው ደግሞ በቧንቧ ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ ከሞምባሳ በጄሪካን፣ በጨርቁ መኪና ላይ ተጭኖ በመጣ የባሕር ውሃ ነው። አንድ ጊዜ አብሬው ሄጄ ስንመለስ ድንበር ላይ የጉምሩክ ሰውዬ አስቆመን።

‹‹ይሄ ምንድነው?››

‹‹የባሕር ውሃ።››

‹‹ኡጋንዳ ውሃ አጥታ ነው?››

‹‹ጨው ያለው ነው፣ ለዓሣ።››

‹‹ጨው ሱቅ ይሸጣል። ዓሣም ሞልቷል። ሁለቱን ቤታችሁ ስትደርሱ አገናኟቸው።››

ክዳኑን አስከፍቶ ጣቱን ነከረና ቀመሰ። ፊቱ ተጨማደደ። ዝርዝሩ ውስጥ ‹‹የባሕር ውሃ›› የሚባል ዕቃ ስላላገኘ ‹‹ሾርባ›› ብሎ አሳለፈን።

አከራያችን ማማ ብሪያን ደግሞ የመስታወቱን መብራት በመስኮት አይታ መጣች። ‹‹ይበላል?›› አለች። አይበላም አልናት። ‹‹ይሸጣል?›› አይሸጥም። ‹‹ታዲያ መብራቴን እየበላ ምን ይሠራል?›› ኢድሪስ ‹‹ይኖራል›› አላት። ‹‹እንግዲያው ተከራይ ነዋ!›› ብላ ኪራዩ ላይ ጨመረችብን።

እኔም መጀመሪያ ከእሷ ባልተናነሰ ተናድጄ ነበር። ልቤን የወሰደው የዓሣው አመራረጥ ነው። ሞምባሳ የሚያጠምደው ሰውዬ ዘንድ ስንሄድ በየዓይነቱ እንደሚያዝ ሰው ‹‹ይሄን ቢጫውን፣ ያንን ባለ ነጠብጣቡን፣ ከዚያም ከሰማያዊው›› እያልኩ ጠቆምኩ። ኢድሪስ ሳቀብኝ።

‹‹ሰዓዳ፣ ጎረቤት ነው እኮ የምንመርጠው፣ ወጥ አይደለም። መጀመሪያ አፉን እዪ። በአፉ የሚገባ ዓሣ ጎረቤቱ ሳይሆን ምሳው ነው።››

ከእሱ ብዙ ተማርኩ። መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ዓሦች ባልና ሚስት ካልሆኑ አንዱ የሌላውን ድንበር ይነጥቃል። አንዱ አሸዋው ላይ፣ አንዱ ድንጋዩ ሥር፣ አንዱ መሀል ላይ የሚኖር ከሆነ ግን አይገፋፉም። ዓይን አፋሩ ቀድሞ ገብቶ ጎሬውን ይይዛል፤ ቁጡው መግባት ካለበት በመጨረሻ ይገባል፣ ቀድሞ ከገባ ቤቱ የእኔ ነው ይላል። አዲስ የመጣ ሁሉ ደግሞ በሽታ ይዞ እንደሆነ እስኪታወቅ ለብቻው ይቆያል። እንዲህ እያልን ሁለት ክላውን ገዛን፣ ብርቱካናማ ሆነው ነጭ መቀነት ያላቸው። ትልቋ ሴቷ ናት፣ የምታዘውም እሷ ናት፣ ይሄ ደስ አለኝ። ጎቢ የሚባል ትንሽ ዓሣ ከነባልንጀራው ሽሪምፕ ጨመርን። ሽሪምፑ ቅርፊት ለባሽ ነው፣ ዓይኑ አያይም ማለት ይቻላል፤ እሱ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ጎቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅለታል። ኢድሪስ ዳምሰል የሚሉት ሰማያዊ ዓሣ ሲያምረው ‹‹ነገረኛ ነው ብለህ የለ!›› ብዬ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ቤታችን ሰላም ነበር።

በዚህ መሀል ሀያት እንደኔው ተደብቃ ወጥታ ናይሮቢ ገባች። ኢስሊ ሰፈር ሰው ቤት፣ ወለል ላይ እየተኛች ቃሌን ትጠብቃለች። ከአኳሪየሙ ጎን አንድ ፍራሽ የሚዘረጋበት ቦታ አለን። ኢድሪስም ‹‹እህትሽ እህቴ ናት›› ብሎኛል። ያሰብነው ደግሞ የኢድሪስ መኪና ከሞምባሳ ሲመለስ ይዟት እንዲመጣ ነው። ነይ ልላት ባሰብኩበት ሳምንት ሐጂ ያሲን መጡ።

ሐጂ ያሲን የኢድሪስ አጎት ናቸው፤ አባቱ ሲሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከሚኖሩበት ከሞምባሳ ልጃቸውን ጃፈርን አስከትለው መጡ። ምሳ ከበላን በኋላ ከባልዲ ውስጥ ውሃ የተሞላ ፌስታል አወጡ። ውስጡ አንድ ትልቅ ዓሣ ቁጭ ብሎ ያየናል።

‹‹ባዶ እጄን ከምመጣ ብዬ፣ ዓሣ እንደምትወዱ ሰምቼ ነው›› አሉ።

ትሪገር የሚሉት ነው። ማማሩንስ ያምራል፣ ግን ጥርሱ እንደ ፒንሳ ነው።

‹‹አላህ ይስጥልን፣ ሐጂ›› አልኩ። ‹‹ይሄ ግን ሽሪምፑንም ትንንሾቹንም ይጨርስብናል። ለጊዜው እዚያው ባልዲው ውስጥ ይቆይ።››

‹‹ልጄ፣ እኔ ምጽዋ ባሕር ዳር ተወልጄ ስለ ዓሣ የኮምቦልቻ ሰው ያስተምረኝ? ባሕር ውስጥ አብረው አይደለም እንዴ የሚኖሩት?››

‹‹ባሕር ውስጥማ መሸሻ አለ። እዚህ አራት መስታወት ነው።››

‹‹ይለማመዳሉ። አብሮ የበላ አይጣላም።››

እንግዳ ማር ይዞ ቢመጣ ዓይኑ እያየ ተከፍቶ ይቀመሳል እንጂ ጓዳ አይወረወርም፤ ይሄን እኔም አውቃለሁ። ግን ማር ማንንም አይነክስም። ወደ ኢድሪስ ዞርኩ። ‹‹አፉን እዪ›› ብሎ ያስተማረኝ ሰው የራሱን የእግር ጣቶች ያያል። ሐጂ ተነሱና ‹‹ቢስሚላህ›› ብለው ፌስታሉን በእጃቸው ገለበጡት።

ሲቀመጡ ደግሞ ‹‹ጃፈርም ሥራ እስኪያገኝ ለጥቂት ቀን እናንተ ዘንድ ይረፍ፤ ይሄው ቦታም አላችሁ›› ብለው የሀያትን ጥግ በከዘራቸው አሳዩ።

‹‹ሐጂ፣ እዚያ ላይ እህቴ ልትመጣ ነው›› አልኩ።

‹‹የት ናት?››

‹‹ናይሮቢ።››

‹‹ናይሮቢማ ጥሩ ከተማ ነው!››

ኢድሪስ በዚህ ጊዜ አፉን ከፈተ። አልሃምዱሊላህ፣ ሊናገር ነው አልኩ። ‹‹ቤቱ ቤትዎ ነው፣ አጎቴ›› አለ።

እንዲህ ያለ ንዴት አላውቅም። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ጨዋነት ነው ብለው ያሳደጉን ሰዎች ምነው አንድ ቀን ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ቢነግሩን! እሺ ባዩ ይመሰገናል፣ እንግዳው መርቆ ይሄዳል፣ ከፋዩ ሁልጊዜ እዚያ ያልነበረ ሰው ነው። ሐጂ መርቀው ሄዱ። ትሪገሩ ሳይውል ሳያድር ሽሪምፑን ሰባበረው። ጎቢው ባዶ ጉድጓድ በር ላይ ቆሞ ሰነበተ፣ ከዚያ እሱም ጠፋ። ወንዱ ክላውን ክንፉ ተቦጫጭቆ ሞተ። ጃፈር ፍራሹ ላይ ተጋድሞ ‹‹ጀግና ነው እኮ!›› ይላል። እስከ ቀትር ይተኛል፣ ሲነሳ ሮሌክስ ግዙልኝ ይላል፤ እንቁላል የተጠቀለለበት ቻፓቲ ነው፣ አንድ አይበቃውም። ጥቂት ቀን የተባለው ከሳምንት ወደ ሳምንት ተራመደ።

ሀያት ትደውላለች። ‹‹መቼ ልምጣ?››

‹‹ትንሽ ቆዪ።››

‹‹እዚህ ሰዎቹን እየሰለቸኋቸው ነው።››

‹‹ትንሽ ቆዪ፣ የኔ ቆንጆ።››

በኋላ መጠየቁን ተወችው። ደህንነቴን ጠይቃ ትዘጋለች። እኔም ስላላነሳችው ደስ አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ኢድሪስን ያዝኩት። ‹‹ጃፈርን ሌላ ቦታ ፈልግ በለው።››

‹‹አጎቴን ምን ብዬ?››

‹‹እህቷ መንገድ ላይ ናት በላቸው! እውነት ነው!››

‹‹ያሳደገኝ ሰው ነው፣ ሰዓዳ። አፌ አይከፈትም።››

አንድ ቅዳሜ ከሱቅ ስመለስ ማማ ብሪያን ግቢው ውስጥ ትጮኻለች። ኢድሪስ በጎማ ቱቦ አኳሪየሙን እያጎደለ ጨዋማውን ውሃ ሙዞቿ ሥር ደፍቶባታል። ከዓሦቹ የተረፉት ትሪገሩና ትልቋ ክላውን ናቸው፤ በሁለት ባልዲ ለያይቷቸዋል።

‹‹የሀያት አልጋ እዚህ ይገባል›› አለኝ ሳያየኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ‹‹ለአጎትህ አንድ ቃል ከምትናገር ባሕርህን ትደፋለህ?›› ብዬ ጮህኩበት።

‹‹መድፋቱ ይቀለኛል›› አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ዓሦቹን አኳሪየም ላለው አንድ ሆቴል ሰጠናቸው። ለሠራተኛው ‹‹አደራ፣ አታቀላቅላቸው›› ስለው ‹‹ሁለቱም ዓሣ አይደሉም እንዴ?›› አለኝ።

አልጋውን ከኪሰንዪ በፒካፕ አመጣን። አንጥፌ፣ መጋረጃ ሰቅዬ፣ ለሀያት ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ያሳደሯትን ሰዎች ብጠይቅ ‹‹ሄደች እኮ፣ አልነገረችሽም?›› አሉኝ። ከብዙ ቀን በኋላ በማላውቀው ቁጥር ደወለች።

‹‹የት ነሽ? አልጋሽ ተዘጋጅቷል!››

‹‹ታንዛኒያን አልፈናል። ወደ ደቡብ አፍሪካ ነን፣ ከልጆች ጋር።››

‹‹ሀያት! ነይ ልልሽ ነበር እኮ!››

‹‹አላልሽማ። ቆዪ ነው ያልሽኝ።›› ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም፤ ቢኖር በተሻለኝ። ‹‹ባል ቤት ነሽ፣ ቦታ የለም ማለት እንደሚከብድሽ ገባኝ። እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው የሄድኩት። ለእማ አትንገሪያት እሺ? አንቺ ዘንድ ነኝ በያት።››

ከጀርባዋ አንድ ወንድ ‹‹ዝጊው!›› ሲል ሰማሁ፣ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ያ ቁጥር አይነሳም። ኢድሪስ የሚያውቃቸው የከባድ መኪና ሾፌሮች ዘንድ ሁሉ ፎቶዋን ልኳል። ጃፈር እስካሁን ፍራሹ ላይ ነው። ‹‹እህትሽ ካልመጣች አልጋው ላይ ልተኛ?›› ሲለኝ የወረወርኩበት ጫማ ኢድሪስን መታው፤ እሱም ቢሆን ይገባዋል።

እናቴ መሰደዳችንን ካወቀች ወዲህ አርብ አርብ ከኮምቦልቻ ትደውላለች። ባለፈው አርብ ሰላምታዋን ስትጨርስ ‹‹እስቲ ሀያትን አቅርቢልኝ›› አለች።

‹‹ሱቅ ናት።››

‹‹ሁልጊዜ ሱቅ? አታድክሚያት እንጂ። ልጅ ናት።››

‹‹እሺ፣ እማ።››

‹‹መኝታዋስ? ወለል ላይ አይደለም መቼም። አልጋ አላት?››

‹‹አላት›› አልኳት። ከነገርኳት ሁሉ ይሄ ብቻ እውነት ነበር።