የቆመ ለወጥ፣ የተኛ ለጥብስ

ትናንት ቅዳም ሹር... ከጠዋት ጀምሮ በእግሬ ቆሜ ካውያ ስገፋ ነው የዋልኩት። የምሠራው ላውንደሪ ቤት ነው። የበዓል ዋዜማ ደግሞ የአዲስ አበባ ሕዝብ በሙሉ ሱፍ እንዳለው የሚያስታውስበት ቀን ነው። በዚያ ላይ አክፍሎት ይዣለሁ... ሆዴ ባዶ፣ ጉሮሮዬ ደረቅ፣ እግሬ አብጦ ጫማዬን ሞልቶታል።

ዊንጌት ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን ስጀምር አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ። ሄራንን ከእትዬ አበራሽ ሱቅ ወስጄ፣ ቤት ገብቼ፣ ቤተ ክርስቲያን እስክንሄድ ጋደም ማለት።

ሄራን ልጄ ናት፣ ሁለተኛ ክፍል። እትዬ አበራሽ ደግሞ በራችን አጠገብ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን ናቸው። እኔ ሥራ ስውል ልጄን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን «በቃኝ» ካሉ እኔም ሥራዬን በቃኝ ማለቴ ነው። ሌላ ሰው የለኝም።

የሄራን አስተማሪ ሰሞኑን ቀላል ምግብ አሠራርና ስለ ምግብ የሚገርሙ ነገሮች ታስተምራቸዋለች። ሄራን ዳቦ ላይ ሙዝና ለውዝ መቀባት ተምራ ጾሙን ሙሉ ስታበላኝ ከርማለች፣ እሱስ አይከፋም። ማታ ማታ ግን «እማ፣ ማር እኮ ቶሎ አይበላሽም!»፣ «እማ፣ ሙዝና እንሰት ዘመዳሞች ናቸው!» ትለኛለች። እኔ ዓይኔን እንደጨፈንኩ «እሺ... ጎበዝ» እላለሁ። የሙዝን ዘመድ አውቄ ምን ላደርግ? የራሴንም ዘመዶች ከጠየቅኩ ቆይቻለሁ።

ሱቁ ጋ ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። ጠጋ ብዬ ሳይ መሀል ላይ የኔዋ ጉድ! ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጆግ ፊቷ አስቀምጣ፣ የእትዬን እንቁላል አንድ በአንድ እየከተተች ትመረምራለች።

«ይሄኛው ቆሟል... አርጅቷል!» ትላለች ጮክ ብላ። «ይሄም አርጅቷል!»

እንቁላሉ እኮ ቢያረጅ አይገርምም። ጾሙን ሙሉ ማን በላው? እትዬ ለበዓል ብለው ያጠራቀሙት ነው። ጥቁር ሻርፕ የለበሰች አንዲት ሴትዮ የመረጠችውን እንቁላል መልሳ ካርቶኑ ላይ ስታስቀምጥ አየሁ። እትዬ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሴትዮዋን ያያሉ።

ከበዓል በኋላ ልጄን ማን ይይዝልኛል?

«ሄራን! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እማ፣ እየፈተሽኩላቸው እኮ ነው...»

«ዝም በይ! ተነሽ!»

«ግን እማ፣ አልጨረስኩም...»

«በቃ አልኩሽ!»

ክንዷን ይዤ አስነሳኋት። ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም ማልቀስ አማረኝ፣ ግን ማልቀስም አቅም ይፈልጋል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ልጅ ናት፣ አታውቅም። እንቁላሉን በሙሉ እኔ እወስደዋለሁ።»

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። «ይህን ሁሉ እንቁላል ምን ልታደርጊው ነው ሰናይት? ልትታቀፊው ነው?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«ልጅቷን ልቀቂያት» አሉ። «የሱቄ ስም ሰው ፊት ከተነሳ አይቀር ትጨርሰው። ነይ አንቺ፣ ምንድን ነው ያልጨረስሽው?»

ሄራን አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረግ አድርጋ እኔን እኔን እያየች ጀመረች። «እንቁላል ሲቆይ ውስጡ ያለው ውሃ በቅርፊቱ በትንንሽ ቀዳዳ ይወጣና አየር ይገባል። አዲሱ ታች ይተኛል። የቆየው ታች ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ላይ የሚንሳፈፈው ግን ይጣላል።»

«እና የቆመው ተበላሽቷል?» አሉ እትዬ።

«አይ! የቆመውማ ለመቀቀል አሪፍ ነው። አዲሱ ሲቀቀል ልጣጩ እየተጣበቀ ያስቸግራል። የቆመው ግን ቶሎ ይላጣል። እሱን ልናገር ስል ነው እማ የጮኸችብኝ።»

ባለ ሻርፗ ሴትዮ ነበረች ቀድማ የተነፈሰችው። «እውነቷን እኮ ነው! አምና ለዶሮ ወጡ ትኩስ እንቁላል ብዬ ፈልጌ፣ ስልጠው ተቦጫጭቆ ተቦጫጭቆ እንግዳ ፊት አፈርኩ። በሉ እትዬ፣ የቆሙትን ይስጡኝ።»

ከዚያ በኋላ ልጄን ማስነሳት አልቻልኩም። የተንሳፈፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፣ እትዬ ራሳቸው አንስተው ጣሏቸው። ከዚያ ሄራን ስትለይ እሳቸው እየተቀበሉ «የቆመ ለወጥ! የተኛ ለጥብስ!» ይሉ ጀመር። እኔ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ትንሽም አፍሬ ነበር። ጾሙን ሙሉ ያቺ ልጅ አንድ ነገር እንኳ ጀምራ እስክትጨርስ ሰምቻት አላውቅም።

ስንሄድ እትዬ የቆሙትን መርጠው በፌስታል አስያዙን። «ከበዓል በኋላ በጊዜ አምጪያት» አሉኝ። «የምትፈትሽልኝ ሽንኩርትም አለኝ።»

ሄራን መንገድ ላይ እጄን ይዛ «እማ፣ የነገውን እንቁላል እኔ ነኝ የምልጠው፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት፣ ዓይኔን ገልጬ።

ቤት ገብቼ አልጋ ላይ ስወድቅ ነገሩ ትዝ አለኝ... አዲሱ ይተኛል፣ የቆየው ይቆማል፣ ያለቀለት ይንሳፈፋል። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት። ተመስገን ነው... ገና አልተንሳፈፍኩም።