የጋሼ ባህረዲን የየዕለት እሮሮ

ጠዋት ጠዋት ሸማ ተራን የሚከፍቱት ጋሼ ባህረዲን ናቸው፤ በእሮሮ። የሱቃቸውን በር ገና ሳያነሱ ይጀምራሉ። ደጃፌ ላይ ከረጢት ጥሎ የሄደው ማነው? ይሄን ውሃ የደፋው ማነው? ማዶ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ያንን ድምፅ ማጉያ በዚህ ማለዳ የሚለቅብን ምን በድለነው ነው? እኔ ፊት ለፊታቸው የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ጥለት የምሰፋ ሴት ነኝ። በድምፅ ማጉያው ነገር ሙሉ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ነኝ። «ኑ፣ ቀረብ በሉ፣ እንዳያመልጣችሁ» እያለ ሲለፍፍ ይውልና ማታ ቤቴ ስገባም ጆሮዬ ውስጥ አይጠፋም። አንድ ቀን ገመዱን በመቀሴ እንደምቆርጠው ለሰውየው ነግሬው ነበር፤ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። አልቀለድኩም።

ጋሼ ባህረዲን ጋቢና ቡልኮ ይሸጣሉ። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው አጎታቸው ሱቅ ደጃፍ ላይ ጥጥ ሲያራግፉ አድገዋል፤ አሁን ፂማቸው ከሚሸጡት ጋቢ እኩል ነጥቷል። ከሁሉ ነገር የሚያበግናቸው ደግሞ «ዞሬ እመጣለሁ» የሚል ገዢ ነው። ገዢዋ ትገባለች፤ ያንን ጋቢ አውርዱልኝ ትላለች፣ ይወርዳል። ይሄኛውንስ፣ ይዘረጋል። ትዳብሳለች፣ ወደ ብርሃን ታወጣለች፣ ታሸታለች፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መስታወት ትጠይቃለች። የሱቁ ጋቢ ሁሉ መሬት ከወረደ በኋላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ «ዞሬ እመጣለሁ አባቴ» ብላ ውልቅ። ጋሼ ባህረዲን ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞር ብለው «አየሽልኝ?» ይሉኛል። አየሁ እላለሁ። ምን እላለሁ ሌላ?

ግን ደግሞ እኚህ ሰው ደስታ ያውቃሉ። ትንንሽ ደስታዎቻቸውን ተደብቀው ነው የሚያጣጥሟቸው። ከሸማኔ አዲስ ጋቢ ሲመጣላቸው ሰው አያየኝም ብለው ፊታቸውን ጥጡ ውስጥ ቅብር አድርገው በረጅሙ ይስባሉ። ጋቢ ዘርግተው ሲያራግፉ ያ «ጧ» የሚለው ድምፅ ካልወጣ ደግመው ያራግፉታል። ሻያቸውን ሳያማስሉ ይጠጣሉ፤ ስኳሩ ከሥር ተኝቶ ይቆይና የመጨረሻዋን ጉንጭ ዓይናቸውን ከድነው ይጨርሷታል። አዲስ አስተናጋጅ ሳታውቅ ካማሰለችባቸው ያ ቀን አለቀለት፣ ሲያወሩት ነው የሚመሹት።

ከጎናቸው ያለው ሱቅ የእትዬ አመተ ሥላሴ ነው። እትዬ ነጠላ ይሸጣሉ። ሁለቱ ሱቆች የሚለያያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ እሱም ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። ሁለቱም በወጣትነታቸው ነው ጎን ለጎን የገቡት። እትዬ ባላቸው ሲሞቱ ሱቃቸውን እየከፈቱ እየዘጉ ያቆዩላቸው ጋሼ ባህረዲን እንደነበሩ ተራው ሁሉ ያውቃል፤ ጋሼ ግን አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። የሚያነሱት ሌላ ሌላውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ሸማ ተራ ሰው ለሶላት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሱቁን አይዘጋም። በሩ ላይ ዱላ አጋድሞ ይሄዳል፣ ጎረቤት ይጠብቅለታል፣ ገዢ ከመጣም ይሸጥለታል። ጋሼ ባህረዲን አንዋር መስጊድ ሄደው ሲመለሱ እትዬ በእሳቸው ወንበር ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። ወዲያው ጭቅጭቅ ነው። እትዬ የተዘረጋውን ጋቢ ሁሉ አጣጥፈው ደርድረውላቸዋል፤ ግን ጥለቱን ወደ ውስጥ አድርገው።

«አመተ፣ ጥለቱ ወደ ውጭ ነው ብዬሽ የለም? ገዢ ምኑን ዓይቶ ይግባ?»

«አቧራ ይጠጣላ! ወደ ውስጥ ሲሆን ነው ንጽሕናው የሚጠበቀው።»

«ደግሞ እኔ በሌለሁበት አንዲት ገዢን ጋቢውን ይዘሽ ሂጂ፣ ባልሽን አሳይተሽ ነይ አልሻት አሉ። ሱቄን አውቶብስ ተራ አደረግሽው እኮ! ሁሉም ዕቃ ይዞ የሚሄድበት!»

«ትመለሳለች።»

ትመለሳለች። እትዬ ያመኑት ሰው ሳይመለስ ቀርቶ አያውቅም፤ ይሄ ራሱ ጋሼ ባህረዲንን ያናድዳቸዋል። ከዚያ ጋቢዎቹን አንድ በአንድ አውርደው እንደገና ያጥፋሉ። እያጉረመረሙ ነው የሚያጥፉት። እኔ ግን ከመኪናዬ ጀርባ ሆኜ ፊታቸውን አየዋለሁ፤ ያንን ሰዓት በምንም አይለውጡትም።

ዋናው ክሳቸው ግን የዜማው ነው። እትዬ አመተ ሥላሴ ሥራ ሲሠሩ ያዜማሉ፤ ሁልጊዜ አንድ መዝሙር፣ ሁልጊዜም እኩሌታው ላይ ያቆሙታል። ጋሼ ባህረዲን በቆርቆሮው ቀዳዳ «ወይ ጨርሺው፣ ወይ ተይው!» ይላሉ። እትዬ ትንሽ ቆይተው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። «ይቺ ሴት አንድ ቀን ትገለኛለች» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ጋሼ ለአረፋ አገር ቤት ሲሄዱ ሱቃቸውን የሚጠብቁት እትዬ ናቸው፤ ከዘመድ መሃል ሆነው ስልክ እየደወሉ ያማርሯቸዋል።

እንግዲህ የተራችን ነጋዴዎች በማኅበር ሆነው ያሠሩት ሕንፃ ዘንድሮ አለቀ። የቆርቆሮ ሱቆቹ ሊፈርሱ፣ ሁሉም ወደ ሕንፃው ሊገባ ነው። ቦታ የሚደለድለው ኮሚቴ ጸሐፊ ይገረም ይባላል። ሰው ካላስደሰተ ምሳ የማይወርድለት ዓይነት ልጅ ነው። አንድ ጠዋት እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ የምሥራች! ምድር ቤት ነው የደረሰዎት። መግቢያው ጥግ፣ ደረጃው ሥር። ገዢ ሁሉ እርስዎን ሳያይ አያልፍም!»

ጋሼ ባህረዲን ጋቢ እያጠፉ ነበር። «አመተስ?»

«እትዬ ሦስተኛ ፎቅ ናቸው፣ ከኋላ በኩል። በቃ ተገላገሉ ጋሼ! ከእንግዲህ እፎይ ነው!» አለና ትከሻቸውን ነካ አድርጎ ሄደ።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ የሚሉበት ድምፅ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሮሮው ቆመ። ድምፅ ማጉያው ሲለፍፍ ዋለ፣ ጋሼ ምንም አላሉም። ደጃፋቸው ላይ ውሃ ተደፋ፣ ተሻግረውት ገቡ። አንዲት ሴትዮ ሱቁን በሙሉ አስወርዳ «ዞሬ እመጣለሁ» ስትላቸው «እሺ እናቴ» አሏት። በድንጋጤ መርፌዬ ተሰበረ። ተነስቼ ሄድኩና «ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ።»

በቆርቆሮው ማዶ እትዬም አያዜሙም ነበር። ነጠላቸውን ካርቶን ውስጥ ይከታሉ።

«ለይገረም ይንገሩታ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ምን ብዬ?»

«ከአመተ ሥላሴ ጎን አድርገኝ ብለው ነዋ!»

ጋሼ ባህረዲን ፂማቸውን ይዘው አዩኝ። «በዚህ ሽበት? ሰው ምን ይላል? እሷስ ምን ትላለች?»

ንድድ አለኝ። ስለ ከረጢት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ጥለት ቀኑን ሙሉ አፋቸው የማይዘጋ ሰው ለዚች ለአንዷ ነገር አፍ አጡላት። ቁልፍ የሚሰጠው እሑድ ነው፤ ፈርሞ የተቀበለ መለወጥ እንደማይችል ይገረም ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ይህን አልኳቸው። ዞር ብለው የታጠፈ ጋቢ ማጠፍ ያዙ።

እሑድ ሁላችንም ሕንፃው ምድር ቤት ተሰበሰብን። ቀለሙ ገና ይሸታል። የእኔ ድርሻ ለስፌት መኪናዬ የምትሆን ከኋላው በር አጠገብ ያለች ጠባብ ቦታ ናት፤ ፈርሜ ተቀመጥኩ። ስም እየተጠራ ሰው ቁልፍ ይወስዳል፣ ይጨበጨባል። «ጋሽ ባህረዲን!» ሲባል ተነስተው ጠረጴዛው ጋ ሄዱ። ቁልፉን አዩት፣ አላነሱትም።

«መግቢያው ንፋስ አለው» አሉ።

«የመስታወት በር እናስገጥማለን ጋሼ» አለ ይገረም።

«ደረጃው ጫጫታ ነው። ሰው ሲወጣ ሲወርድ…»

«ለገበያ ጥሩ ነው እኮ ጋሼ።»

«ፀሐዩም… ጥጥ ያደበዝዛል።»

«ፀሐይ አይገባም፤ መጋረጃም እናደርጋለን።»

ሰው መሳቅ ጀመረ። ጋሽ ባህረዲን ናቸዋ፣ ያው እንደ ልማዳቸው። እኔ አልሳቅኩም፤ ግንባራቸውን አላበው ነበር። ይገረምም ትዕግሥቱ አለቀ መሰለኝ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ይሄን ያደረግነው እርስዎን ለማስደሰት ነው። እትዬ አመተ ሥላሴ ራሳቸው ቢሮ ድረስ መጥተው ለምነውን ነው። ‹እኔን ራቅ አድርጉኝ፣ እሱ ይረፍ› ብለው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ጋሼ ባህረዲን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። እትዬ የኋላው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን በድዬሽ ነው አመተ?»

«አንተማ ምን ትበድለኛለህ» አሉ እትዬ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ አልነበረበትም። «እኔ ነኝ እንጂ ያሰለቸሁህ። ጋቢህን ባጥፍ አልሆነልህም። ባዜም ጆሮህን አመመህ። ሰው ባምን አናደድኩህ። ሁልጊዜ ስትል የምሰማው ይሄንኑ ነው። እንግዲህ አርጅተናል፤ በቀረህ ጊዜ እንኳ ሰላም አግኝ ብዬ ነው። ሌላ ምንም የለውም።»

ጋሼ ባህረዲን በእጃቸው ጠረጴዛውን ተደገፉ። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ያ ሁሉ ምሬት ቆርቆሮውን አልፎ እዚያ ማዶ እንደ እውነት ሲሰማ መኖሩን ገና ያን ጊዜ ነው የተረዱት። ከዚያ ወደ ይገረም ዞሩና ቁልፉን በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

«ይሄን ለፈለገ ስጡት። ከእሷ ጎን ያለውን ስጡኝ።»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ጠባብ ነው። መስኮት የለውም። ገዢም እዚያ ድረስ…»

«ጎኗ ነው?»

«ጎናቸውማ ነው።»

«በቃ። እኔ ያለ እሷ አንድ ቀን ሠርቼ አላውቅም፤ አሁን በስተርጅና አልጀምርም። ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት። ይኸው፣ ሁላችሁም ስሙ።»

ከእትዬ ጎን የደረሰው ሐምዱ የሚባል የጥለት ነጋዴ ነበር፤ እሱም ገና አልፈረመም። ሰውየው ጋሼ ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ ወንበር ሳይቀር ዘሎ መጥቶ የመግቢያውን ጥግ ቁልፍ አንስቶ ኪሱ ከተተ። ማንም አልከለከለውም። እኔ በጥለት ቁራጭ ዓይኔን ስጠርግ ነበር፤ አላፍርበትም።

«ባህረዲን» አሉ እትዬ። «ምነው ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ?»

ጋሼ ባህረዲን ከልባቸው ገርሟቸው አዩአቸው።

«በየቀኑ ስነግርሽ አልነበር እንዴ?»

እትዬ አመተ ሥላሴ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ፣ አጠገባቸው ወንበር ላይ የነበረውን ቦርሳቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ጋሼ ባህረዲን ሄደው ተቀመጡ።